እልኸኛ የተባለው ውሻ

«ሁሉንም ነገር ያውቃል፤ እልኽ ይዞት ነው እንጂ የማያደርገው።» ስላደገ ውሻ ሲወራ ይህን ያልሰማሁበት ጊዜ የለም። በሰማሁት ቁጥር አንድ ጥያቄ ምላሴ ላይ ይመጣል፦ ባለማድረጉ ምን ያገኛል? ቢያደርግስ ምን ያገኝ ነበር? ብዙ ሰው ለዚህ የተዘጋጀ መልስ የለውም። ውሻውን ስለማይወድ አይደለም፤ ነገሩን ከውሻው ወገን ቆሞ አስቦት ስለማያውቅ ነው። ለእኔ እልኽ የሚባለው ነገር የውሻ ጠባይ አይደለም። ውሻው እስከ ዛሬ ከኖረው ኑሮ ያወጣው ድምዳሜ ነው። ድምዳሜ ደግሞ አዲስ ማስረጃ ሲመጣ ይቀየራል።

ዳማ እኔ ዘንድ የመጣው አድጎ፣ አፉ ዙሪያ ሽበት ጣል ጣል ካለበት በኋላ ነው። የቀድሞ ባለቤቶቹ መኖሪያ ሲቀይሩ ይዘውት መሄድ አልቻሉም። ሲያስረክቡኝ ስለ ምግቡ፣ ስለ ክትባቱ፣ ስለሚያስደነግጡት ድምፆች አንድ በአንድ ነገሩኝ። ሊሰናበቱኝ ሲሉ ደግሞ «ጥሩ ውሻ ነው፤ እልኸኛ መሆኑ ብቻ ነው። ከእንግዲህ አዲስ ነገር አይማርም፣ እንዲሁ እንዳለ ውደጂው» አሉኝ። በፍቅር የተነገረ ቃል ነበር። የመጨረሻውን ምክር ሳላንገራግር ተቀበልኩ፤ ከፊቱ ያለውን ግን ያኔም አልተቀበልኩም፣ ዛሬም አልቀበልም።

እልኹ ምን ይመስል እንደነበር ልንገራችሁ። ስጠራው ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል። ድንገት መሬቱን በትጋት ማሽተት ይጀምራል። ያዛጋል፤ የገዛ አፍንጫውን ይልሳል። «ተቀመጥ» ሲባል ቀስ እያለ ግማሽ ድረስ ይወርድና ተመልሶ ይቆማል። ከሩቅ ላየው ሰው ይህ ሁሉ ንቀት ይመስላል። የውሻ ባሕርይ የሚያጠኑ ባለሙያዎች ግን እንቅልፍ በሌለበት ማዛጋትን፣ ምግብ በሌለበት አፍንጫ መላስንና ፊት ማዞርን ከጭንቀት ምልክቶች ይመድቧቸዋል። ውሻው በዚህ ሁሉ የሚለው «አልታዘዝም» አይደለም። ወደ «እባክሽ ነገሩን አታጥብቂው» የሚጠጋ ነው።

ያደገ ውሻ ማስተማር ሲታሰብ ከሁሉም የሚቀድመው ሰውነቱ ነው። ውሻ ሕመሙን ይደብቃል፤ በግልጽ የሚያነክሰው ብዙውን ጊዜ ነገሩ ከጠና በኋላ ነው። ስለዚህ አንድም ትምህርት ሳልጀምር እንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ የኋላ እግሮቹን አንድ በአንድ እያጠፈ ሲዘረጋ ዳማ ድምፅ አላሰማም። ቀኝ እግሩ ወደ ኋላ ሲሳብ ብቻ አንገቱን አዙሮ የሐኪሙን እጅ አየ። የዳሌው መገጣጠሚያ ላይ ብግነት ጀምሮታል። ግማሽ ወርዶ የመመለሱ ምስጢር ያ ነበር፤ በሚያንሸራትት ወለል ላይ መቀመጥ ያመዋል። ወለሉ ላይ ምንጣፍ ዘረጋሁ፤ ሐኪሙ ያዘዘለትን መድኃኒት ጀመረ። ከዚያ ወዲያ «ተቀመጥ» የሚለው ቃል ግማሽ ላይ መቅረቱን አቆመ። በኋላ እግር መቆምን፣ መዝለልንና መንከባለልን ደግሞ ከማስተማር ዝርዝሬ ሰረዝኳቸው። ግትር ተብለው ከሚወቀሱት ውሾች ስንቶቹ የሚያማቸው እንደሆኑ ሳስብ ልቤ ይደማል። መስማት የቀነሰ ውሻ አለ፤ ማየት የቀነሰ አለ፤ ጥርሱን የሚያመው ስለሆነ ዕቃ በአፉ አልይዝም የሚል አለ። ይህን ሳያጣሩ ትእዛዝ መደጋገም ጭካኔ ነው እላለሁ፤ ሳያውቁ የሚደረግ ቢሆንም።

ሰውነቱ ከተጣራ በኋላ የሚቀጥለው ታሪኩ ነው። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተመው ሥራው የተራቡ ድመቶችን በሳጥን ውስጥ ዘግቶ፣ ምግቡን ከውጭ አስቀምጦ ይመለከታቸው ነበር። ድመቷ ትቧጭራለች፣ ትነክሳለች፣ ትጮኻለች፤ ከዚህ ሁሉ መካከል በአጋጣሚ በሩን የሚከፍተውን ገመድ ትስባለች ወይም መቀርቀሪያውን ትነካለች። በተደጋገመ ቁጥር ያልጠቀማት እንቅስቃሴ እየቀነሰ፣ በሩን የከፈተላት እየቀደመ ይሄዳል። ቶርንዳይክ ከዚህ ያወጣው ሕግ ጥሩ ውጤት ያስከተለ ድርጊት ይደገማል የሚል ነው። እኔን የሚገርመኝ የዚህ ሕግ ሌላው ገጽታ ነው። ያደገ ውሻ ማንም ሳያስተምረው እንዲህ ያለ ሙከራ ለዓመታት ሲያካሂድ የኖረ ፍጡር ነው። ተጠርቶ ባለመምጣቱ ሣሩን እስኪጠግብ አሽትቷል። አጥብቆ በመጮኹ በር ተከፍቶለታል። ገመዱን በመጎተቱ ወደሚፈልገው ዛፍ ቶሎ ደርሷል። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ እንደሚባለው፣ እነዚህ ነገሮች አንድም ቀን ሳይከፍሉት አልቀሩም። ቡችላ ስታስተምሩ ባዶ ሜዳ ላይ ነው የምትሠሩት። ያደገ ውሻ ግን ብዙ እግር የረገጠው መንገድ አለው፤ የእናንተ ሥራ አጠገቡ ሌላ መንገድ ማውጣትና አዲሱ ይበልጥ የሚያዋጣ መሆኑን በተደጋጋሚ ማሳየት ነው። የድሮው መንገድ በአንድ ጀምበር ሣር አይበቅልበትም።

«ና» የሚለውን ቃል ለምሳሌ ልውሰድ። የቀድሞ ባለቤቶቹ እንደነገሩኝ ዳማ «ና» የሚባለው ሊታሰር፣ ሊታጠብ ወይም ከሜዳ ወደ ቤት ሊገባ ሲል ነበር። ስለዚህ ቃሉ ለእሱ ትርጉም ነበረው፤ ደስታው አለቀ ማለት ነው። ቃሉን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ነበር የማይመጣው። እንዲህ የተበላሸን ምልክት ከማደስ አዲስ መፍጠር ይቀላል። «ና»ን ጨርሶ ተውኩትና በፉጨት ተካሁት። መጀመሪያ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ከአጠገቡ ቆሜ አፏጭና ቁራጭ ሥጋ እሰጠዋለሁ። ምንም አልጠይቀውም፤ ፉጨት፣ ሥጋ፣ በቃ። ኢቫን ፓቭሎቭ ውሾቹ ምግብ የሚያመጣላቸውን ድምፅ ገና ሲሰሙ ምራቃቸው እንደሚመጣ ያሳየበት ሥራ መቶ ዓመት አልፎታል፤ እኔም ከዚያ የተለየ ነገር አላደረግሁም። ቀጥሎ ከሌላ ክፍል፣ ቀጥሎ ከግቢ። በየመካከሉ ያልዘለልኩት አንድ ሕግ ነበር፤ ፉጨቱን ሰምቶ ሲመጣ ሥጋውን ይበላል፣ ከዚያም «ሂድ» እለውና ወደ ጨዋታው ይመለሳል። መምጣት የደስታ ማብቂያ አለመሆኑን ማመን ነበረበት። ሲያምን ጊዜ እየሮጠ መምጣት ጀመረ፤ ዳሌውን ስለማውቅ «ቀስ በል» የምለው እኔ ሆንኩ።

ሽልማትን በተመለከተ ሰዎች ቶሎ ተስፋ የሚቆርጡበት ነገር አለ፤ «ውሻዬ ምግብ አያጓጓውም» ይላሉ። ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር የሚያጓጓውን ነገር የሚመርጠው ውሻው መሆኑ ነው። ለዳማ ሥጋ ጥሩ ነው፤ ኳስ ምንም አይመስለውም፤ ከአጥሩ ሥር ያለችውን ቦታ ማሽተት ግን ከሥጋም ይበልጥበታል። ዴቪድ ፕሪማክ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1959 ያቀረበው ሐሳብ እዚህ ላይ ይጠቅማል። እንስሳው በራሱ ፈቃድ አዘውትሮ የሚያደርገው ነገር ብዙም ለማይፈልገው ነገር ሽልማት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማሽተቱን መከልከሌን ትቼ ከፈልኩበት። አጥሩ አጠገብ ስንደርስ እቆማለሁ። ዓይኔን ካየ «ሂድ አሽት» እለዋለሁ። ሌላ ጊዜ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ከሄደ «ሂድ አሽት»። ከትምህርቱ ጋር ይሻማ የነበረው ነገር የትምህርቱ ዋጋ ሆነ። ከእልኸኛ ውሻ ጋር ለሚኖር ሰው ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ መርጠሽ ስጪ ብባል ይህን ነው የምሰጠው፦ የውሻውን ጆሮ የሚነጥቃችሁን ነገር ፈልጋችሁ አግኙና በእጃችሁ አስገቡት።

ዕድሜ ራሱስ? ዕድሜ ምንም አይለውጥም ማለት ሐሰት ነው። በቪየና የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጡት ጥናት በዚህ ነገር ላይ ካነበብኳቸው ሁሉ የምወደው ነው። ዕድሜያቸው ከ5 ወር እስከ 13 ዓመት የሆነ ቦርደር ኮሊ የሚባል የበግ ጠባቂ ዝርያ 95 ውሾች ስክሪን በአፍንጫቸው እየነኩ ሥዕሎችን እንዲለዩ አስተማሯቸው፤ ትክክለኛውን ሲነኩ ምግብ ይወጣል። አንጋፋዎቹ ለመማር ብዙ ድግግሞሽ አስፈለጋቸው፤ የተሳሳቱትንም ለማረም ዘገዩ። እስከዚህ ድረስ የሁላችንም ግምት ነው። ከዚያ ሌላ ፈተና መጣ። ውሻው ስህተት መሆኑን አስቀድሞ ከተማረው ሥዕል ጎን አይቶት የማያውቅ አዲስ ሥዕል ይቀመጣል። «ያኛው ስህተት ከሆነ ትክክለኛው ይህ መሆን አለበት» ብሎ ማሰብ ይጠይቃል። በዚህ ላይ የበለጡት በዕድሜ የገፉት ናቸው! ተመራማሪዎቹ የገመቱት ምክንያት ደግሞ አንጋፋዎቹ ቀድሞ የተማሩትን አጥብቀው መያዛቸውን ነው፤ ያ ሥዕል ስህተት ነው ከተባሉ ስህተት ነው፣ አለቀ። እኛ እልኽ የምንለው ነገር እዚህ ላይ ጥንካሬ ሆኖ ተገኘ። ከ6 ወር በኋላ የተማሩትን ሲፈተኑም በዕድሜ ምክንያት የመጣ የማስታወስ ልዩነት አልታየም።

ይህ በቤት ውስጥ ሲታይ ምን ማለት ነው? ዳማ አንድን ነገር ለመያዝ ጊዜ ይወስዳል፤ ከያዘ ግን አይለቅም። ቡችላ የያዘውን ነገር ዝንብ ስታልፍ ትቶት ይሮጣል። ያደገ ውሻ ልቡ በየአቅጣጫው አይበተንም። በትምህርት ሰዓት ፊት ለፊቴ ሲቆም ሙሉ በሙሉ እዚያ ነው ያለው፤ ይህ ትኩረት ቡችላ ላይ አይገኝም።

ጊዜን በተመለከተ አጭር ነገር ልበልና ልለፍ። በዴንማርክ ቢግል በሚባል ዝርያ 44 ውሾች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የተማሩት በየቀኑ ከተማሩት በተሻለ፣ አጭር ትምህርት የወሰዱትም ረጅም ከወሰዱት በተሻለ መማራቸውን አሳይቷል። በሀንጋሪ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ውሾች ከትምህርት በኋላ ሲተኙ የተማሩት ይበልጥ እንደሚጸናላቸው አመልክቷል። እኔም ትምህርቱን አሳጥሬ፣ ገና ፍላጎቱ ሳይበርድ አቆማለሁ፤ ከዚያ ምንጣፉ ላይ ይተኛል። የሚማረው እዚያም ላይ ነው።

አሁን በጣም ወደምወደው ነገር ልግባ፤ ወደ ካርቶኑ።

በውሻ አሠልጣኞች ዘንድ የታወቀ ልምምድ ነው። ባዶ ካርቶን ወለሉ መሃል ይቀመጣል። ውሻው ከካርቶኑ ጋር የሚያደርገው ማንኛውም ነገር ያስመሰግነዋል፤ ማየት፣ መቅረብ፣ ማሽተት፣ መንካት፣ መግፋት። ትእዛዝ የለም፤ ማባበል የለም፤ በእጅ መምራት የለም። ቡችላ ከሆነ ወዲያው ዘሎ ይገባበታል፣ ጠርዙን ያኝካል፣ ይዞት ይሮጣል። ዳማ ግን ቁጭ አለ። እኔን አየ። ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ተኙ፤ የፊት እግሩን ከመሬት በጥቂቱ አንሥቶ መልሶ አሳረፈው። አዛጋ። ምን እንዳደርግ ትፈልጊያለሽ እያለ ነበር፤ እኔ ዝም አልኩ። ለብዙ ዓመታት የተነገረውን ብቻ ሲያደርግ የኖረ፣ ያልተባለውን ሲያደርግ ደግሞ «አይሆንም!» ሲባል የኖረ ውሻ በራሱ ፈቃድ አንድ ነገር መሞከር አደጋ ይመስለዋል። ግትር የምንለው ውሻ ብዙ ጊዜ ይህን የመሰለ ውሻ ነው። ሙከራ ያቆመ ውሻ ነው።

ጠበቅሁ። ከውጭ አንድ በር ተዘጋና ራሱን ወደ ድምፁ መለሰ፤ በመንገዱ ዓይኑ ካርቶኑ ላይ አረፈ። «አዎ!» አልኩና ቁራጭ ሥጋ ከካርቶኑ አጠገብ ጣልኩ። ደነገጠ። ተነሣ፣ ሥጋውን በላ፣ ወደ ቦታው ተመልሶ ቁጭ አለ። እንደገና ዝምታ። እንደገና በአጋጣሚ ካርቶኑን አየ፤ «አዎ!»፣ ሥጋ። ይህ ጥቂት ከተደጋገመ በኋላ የሆነውን በደንብ አስታውሰዋለሁ። እኔን አየኝ። ካርቶኑን አየ። ተመልሶ እኔን አየኝ። ይህኛው አጋጣሚ አልነበረም፤ ጥያቄ ነበር። «አዎ!» አልኩት፤ ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ጆሮዎቹ ከኋላ ተነሥተው ወደ ፊት መጡ። ከዚያ አንገቱን ዘርግቶ፣ የኋላ እግሮቹን ግን እዚያው ተክሎ፣ ለማምለጥ እንደተዘጋጀ በአፍንጫው ጫፍ የካርቶኑን ጠርዝ ነካ። ያን ቀን እዚያ ላይ አቆምን። በሚቀጥለው ትምህርት ካርቶኑን ሳስቀምጥ ሳልጠብቅ በቀጥታ ሄዶ ነካው። ከዚያም አንድ እግሩን ሲያስገባ፣ ከዚያ በአፍንጫው ሲገፋው፣ አንድ ቀን ደግሞ ካርቶኑን ገልብጦ ሥሩን ሲመረምር አየሁት። የሚያስተምረኝ ውሻ አገኘሁ ብል አላጋነንኩም፤ ምን እንደሚሞክር አስቀድሜ መገመት አልችልም ነበርና።

«አዎ» የምለው ለምን እንደሆነ ልግለጽ። ውሻው ትክክለኛውን ነገር ባደረገባት ቅጽበትና ሥጋው አፉ በሚደርስበት ቅጽበት መካከል ብዙ ነገር ያደርጋል፤ ይዞራል፣ ይነሣል፣ ያሸታል። የትኛው እንደተመሰገነ በምን ይወቅ? እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ የስኪነር ተማሪዎች የነበሩት ኬለርና ማሪያን ብሬላንድ እንስሳትን ሲያሠለጥኑ ይህን ክፍተት በአጭር ድምፅ ሞሉት፤ በኋላ የዶልፊን አሠልጣኞች በፊሽካ፣ የውሻ አሠልጣኞች ደግሞ ክሊከር በሚባለው፣ ሲጫኑት ቀጭ በሚል ትንሽ መሣሪያ ይሠሩበታል። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ድምፅ የሚነገር አጭር ቃልም ይበቃል። «ጎበዝ» ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ሞቅ ብሎ፣ እየተደባበሱ የሚባል ነው። ሁለቱንም እጠቀማለሁ። በቡዳፔስት እ.ኤ.አ. በ2016 የውሾችን አእምሮ ኤምአርአይ በሚባለው የምስል መሣሪያ ያዩ ተመራማሪዎች የደስታው ክፍል የሚነቃው የምስጋና ቃልና የምስጋና ቃና ሲገጥሙ ብቻ መሆኑን አግኝተዋል። በተሰላቸ ድምፅ የተባለ «ጎበዝ» ለውሻው ምስጋና አይደለም።

ከካርቶኑ በኋላ ሁሉም ነገር ቀለለ ብል እየዋሸሁ ነው፤ የተለወጠው ዳማ ለመሞከር መድፈሩ ነው። መጫወቻውን ቅርጫት ውስጥ መክተትን ያስተማርኩት ከመጨረሻው ጀምሬ ነው። ቅርጫቱን አገጩ ሥር አድርጌ በአፉ የያዘውን ሲለቅ «አዎ»፤ ዕቃው ሌላ መሄጃ የለውምና ቅርጫቱ ውስጥ ይወድቃል። ከዚያ ቅርጫቱን በስንዝር አራቅሁት፣ ከዚያ በአንድ እርምጃ፣ ከዚያ ዕቃውን ራሱ ከወለል እንዲያነሣ። እንዲህ ሲሆን ውሻው ሁልጊዜ ከማያውቀው ወደሚያውቀው፣ ከሚከብደው ወደሚከፈልበት ይጓዛል። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ሁላችንም እንላለን፤ እርምጃው ምን ያህል ትንሽ መሆን እንዳለበት ያወቅሁት ግን ከዚህ ውሻ ነው። አንድ ደረጃ ላይ ደጋግሞ ከሳተ ወደ ነበርንበት እንመለሳለን፤ መመለስ ሽንፈት አይደለም። ቤት ውስጥ ያወቀውን ግቢ ውስጥ የማያውቀው ቢመስልም አይግረማችሁ። ውሻ ቦታውን ጭምር ነው የሚማረው፤ በአዲስ ቦታ ከመጀመሪያው ደረጃ ጀምሩለት።

የድሮ ልማዱ ያስገኝለት የነበረውን ሽልማት ስታቋርጡበት ደግሞ የሚመጣ አንድ ነገር አለ። ለዓመታት በጩኸት በር ሲያስከፍት የኖረ ውሻ በሩ መከፈቱን ሲያቆም በመጀመሪያ ጩኸቱን ይቀንሳል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ይጨምራል። ይቧጭራል፣ ይዘላል፣ ከዚህ በፊት ያልሰማችሁትን ድምፅ ያወጣል። ያ ወቅት እልኽ ሳይሆን የድሮው መንገድ የመጨረሻ ሙከራ ነው። ብዙ ሰው እጁን የሚሰጠው እዚያ ላይ ነው፤ በሩን ሲከፍትለት ደግሞ ከፍ ያለው ጩኸት ተማረ ማለት ነው። ለዳማ የጠቀመው በሩ መዘጋቱ ብቻ አልነበረም። ምንጣፉ ላይ ሲቀመጥ በሩ ተከፈተለት። የሚተካ ነገር ሳይሰጡ መከልከል ለእንስሳውም ለሰውም ከባድ ነው።

ስለ ቅጣት ያለኝን ሐሳብ ሳልሸፋፍን ልናገር። ያደገ ውሻ «ጠንካራ እጅ» ያስፈልገዋል የሚለውን ምክር አጥብቄ እቃወማለሁ። በፖርቱጋል 92 የቤት ውሾች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት በሽልማት ከሚያስተምሩና ቅጣትን ከሚጠቀሙ ማሠልጠኛዎች የመጡትን አነጻጽሯል። ቅጣት ያለበት ትምህርት የሚወስዱት በትምህርቱ ወቅት ብዙ የጭንቀት ምልክት አሳዩ፤ ከትምህርቱ በኋላ በምራቃቸው ውስጥ ኮርቲሶል የተባለው ከጭንቀት ጋር የሚያያዝ ሆርሞን መጠን ጨመረ። ቅጣት በብዛት የሚጠቀሙት ማሠልጠኛዎች ውሾች ደግሞ ምግብ ይኑረው አይኑረው ያልለየለት ሳሕን ሲያዩ ወደ እሱ የሚሄዱት በዝግታ ነበር፤ ጥሩ ነገር ይጠብቀኛል የሚለው ግምታቸው ቀንሷል ማለት ነው። በጉልበት የተቀመጠ ውሻ ይቀመጣል፤ እውነት ነው። ካርቶኑ አጠገብ ሲመጣ ግን አይነቃነቅም። እኔ የምፈልገው ካርቶኑን ደፍሮ የሚሞክረውን ውሻ ነው።

በቡዳፔስት እ.ኤ.አ. በ2003 የተሠራ አንድ ሙከራ አለ። ውሾችና በሰው እጅ ያደጉ ተኩላዎች ምግብ የሚያገኙበትን ቀላል ዘዴ ይማራሉ፤ ከዚያ መንገዱ ይዘጋባቸዋል። ተኩላዎቹ መታገላቸውን ይቀጥላሉ። ውሾቹ ግን ጥቂት ሞክረው ዞር ብለው ከኋላቸው ያለውን ሰው ያያሉ። ዳማ ወደ እኔ የመጣ ሰሞን ይህን አያደርግም ነበር፤ ኳስ ሶፋ ሥር ሲገባ ወይም በር ሲዘጋ ትቶት ይሄዳል። አሁን ይዞርና ያየኛል። ቅርጫቱን ከተማረበት ቀን ይልቅ ለእኔ ትልቁ ይህ ነው፤ ሰው የችግር መፍቻ ሊሆን እንደሚችል የተማረው በዚህ ዕድሜው ነውና።

ስለ ዕድሜ ከተነሣ፣ ቼሰር የተባለችውን ቦርደር ኮሊ 1,022 የመጫወቻ ስሞች ያስተማራት ጆን ፒሊ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004፣ ከ75 ዓመቱ በኋላ ነው። ጡረታ የወጣ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ነበር። እሷ ቡችላ ነበረች፤ አንጋፋው አስተማሪው ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታተመ። ስለዚህ ሰው ሳስብ ደስ ይለኛል።

ሰሞኑን ከዳማ ጋር የያዝነው ሥራ የእጅ ምልክት ነው። ጆሮው እስካሁን ደኅና ነው፤ ነገር ግን ውሻ ሲያረጅ መስማቱ ይቀንሳል፤ ያ ቀን ሲመጣ የምንነጋገርበት እንዳናጣ አሁኑኑ ለሚያውቀው ቃል ሁሉ ምልክት እየጨመርኩ ነው። አሠራሩ ቅደም ተከተል ላይ ነው፤ አዲሱ ምልክት ይቀድማል፣ የሚያውቀው ቃል ይከተላል። እጄን ከፍ አደርጋለሁ፣ ትንሽ ቆይቼ «ተቀመጥ» እላለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ ካደረግኋቸው የሚያውቀውን ይሰማና አዲሱን አያስተውለውም። ቃሉን ከመስማቱ በፊት መቀመጥ ሲጀምር ምልክቱ ገብቶታል ማለት ነው፤ ከዚያ ቃሉን እተወዋለሁ። «ተቀመጥ» እና «ተኛ» አልቀዋል። «ወደ ኋላ» ላይ ነን፤ እጄን ገና ሳነሣ አንድ እርምጃ ይሄድና ቆም ብሎ ቃሉን ይጠብቃል። ቅርጫቱ ይቀረናል፤ ለእሱ የሚሆነውን ምልክት ገና አልመረጥኩም።